ትራንስፈሩ ለምን ተመልሶ ይበላሻል? «ኦሪጅናል ግዙ፣ ይገላገሉታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በድሬዳዋና በሐረር ሾፌሮችና መካኒኮች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። የሚያነሳው ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ ነው፤ የአሮጌ ፒክአፕ ትራንስፈር ኬዝ (ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚመጣውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተፈትቶ፣ ዕቃ ተቀይሮለት፣ ተገጥሞ በጥቂት ወር ውስጥ ለምን እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል? ጸሐፊው ቋንቋው ግልጽ ነው፣ ሥራውንም ከሩቅ እንደማያየው ያስታውቃል። መልሱ ላይ ግን አልስማማም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸው ነው። አንደኛ፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) እና ጥርስ ደጋግሞ የሚበላው ገበያው በአስመሳይ ዕቃ ስለተሞላ ነው፤ ኦሪጅናል የገባለት መኪና አይመለስም። ሁለተኛ፣ የድሬ ሙቀት ዘይት ስለሚያቀጥን ባለ 140 ዘይት፣ ያውም ከልኩ ትንሽ አስበልጦ መሙላት ይሻላል። ሦስተኛ፣ በድሬዳዋና በሐረር መሃል ያለውን የደንገጎን ዳገትና ቁልቁለት በፎር ዊል መንዳት ጫናውን ለአራቱም እግር ስለሚያካፍል ትራንስፈሩን ያሳርፈዋል፤ የጎማው ቁጥር አንድ እስከሆነ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም። አራተኛ፣ በፎር ዊል የሚሰማ ጩኸት የሰንሰለት ነው። አምስተኛ፣ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ የተመለሰ ትራንስፈር አይለፋበትም፤ ያገለገለ ሙሉ ሳጥን ማስገባት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያላቸው አሉ። ሦስተኛው ግን መኪና የሚያበላሽ ምክር ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አፍርሼ ከእሱ እነሳለሁ።

ደንገጎ በፎር ዊል

ከድሬዳዋ ሐረር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ደንገጎን የሚወጣው መንገድ አስፋልት ነው፤ ኩርባውም ብዙ ነው። አሮጌው ሃይሉክስም ሆነ ላንድ ክሩዘር ፒክአፑ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ የመሃል ዲፈረንሻል የላቸውም። ኤች 4 (ፈጣኑ ፎር ዊል) ሲገባ የፊቱና የኋላው ካርዳን፣ ጉልበቱን ከትራንስፈሩ ወደ አክስሉ የሚወስዱት ረጃጅም ዘንጎች፣ እንደ አንድ ዘንግ ይታሰራሉ፤ እኩል ከመዞር ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ኩርባ ላይ ግን እኩል መዞር አይችሉም። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መሃል 2.85 ሜትር ያለው ፒክአፕ፣ የኋላው አክስል መሃል 12 ሜትር ራዲየስ ይዞ ሲዞር የፊቱ 12.33 ሜትር ይይዛል። ግማሽ ክብ በሚሆን ኩርባ የኋላው 37.7 ሜትር ሲጓዝ የፊቱ 38.7 ሜትር ይጓዛል። ዙሪያው 2.26 ሜትር በሆነ ጎማ ይህ አንድ ሜትር ግማሽ ዙር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 4.1 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ካርዳኑ ላይ ሲደርስ ሁለት ዙር ገደማ ይሆናል። በአንድ ኩርባ!

መሬቱ አሸዋ ቢሆን ጎማው ይንሸራተትና ይህ ልዩነት እዚያው ይጠፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ይነክሳል፤ ልዩነቱም በካርዳኖቹ፣ በክሮቼራው (በካርዳኑ ጫፍ ባለው መታጠፊያ)፣ በትራንስፈሩ ጥርስና ኩሽኔታ ላይ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይታመቃል፣ አንዱ ጎማ ዘሎ እስኪለቅ ወይም አንዱ ዕቃ እስኪሰጥ ድረስ። ምልክቱን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንሻው ከኤች 4 አልወጣ ብሎ ይያዛል፣ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዳ «ጓ» ብሎ ይለቃል። ይህን ሰምቶ «ማንሻው ጠንክሯል» ብሎ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ የሚፈታ ጋራዥ ሞልቷል።

«ጫናውን ያካፍላል» የሚለውም ሲመረመር አይቆምም። በኤች 4 የትራንስፈሩ ሬሾ አንድ ለአንድ ነው፤ በኋላ እግር ብቻ ከሚነዳበት ከኤች 2 ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚጨምረው ጉልበት የለም፤ ቁልቁለት ላይም የሞተሩ መያዝ ምንም አይጨምርም። ቁልቁለት የሚይዘው የካምቢዮው ማርሽ ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገብቶ በኤች 2 መውረድ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፤ ዝናብ ጥሎ ጭቃና አፈር አስፋልቱ ላይ ሲደፋ፣ ቀጥ ባለ ቦታ ለአጭር ርቀት ኤች 4 ማስገባት ጥፋት አይደለም። ፎር ዊሉን በወር አንዴ ማስገባት ዘይቱ ሁሉን ጥርስ እንዲያርስ ይረዳል የሚለው የጽሑፉ ምክርም ልክ ነው፤ ቦታው ግን የሺኒሌ ፒስታ (የአፈር መንገድ) ወይም የደቻቱ ወንዝ አሸዋ መሆን አለበት እንጂ ደንገጎ አይደለም።

«የጎማው ቁጥር አንድ ነው»

የጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ጎማው አዲስ ሳለ የነበረውን መጠን ነው። ጭነት የሚጭን ሰው አዲሱን ጎማ ወደ ኋላ፣ ያለቀውን ወደ ፊት ማድረጉ የተለመደ ነው። የኋላው 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው አዲስ፣ የፊቱ 2 ሚሊ ሜትር የቀረው አሮጌ ቢሆን የራዲየሳቸው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ነው። ራዲየሱ 36 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ሲሰላ የኋላው በኪሎ ሜትር 442 ጊዜ፣ የፊቱ 450 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ4.1 ሲባዛ በየኪሎ ሜትሩ 31 የሚሆን የካርዳን ዙር ልዩነት ይመጣል፤ ያለምንም ኩርባ፣ ቀጥ ባለ መንገድ።

መለኪያው ጠመኔ ብቻ ነው። የአራቱም ጎማ ንፋስ የታዘዘው ልክ ይደረጋል፤ መኪናው በተለመደው ጭነቱ፣ ፍሪ ሃቡ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ የሚያላቅቀው መቆለፊያ) ክፍት፣ ትራንስፈሩ ኤች 2 ላይ ይሁን። በአንድ ጎን የፊቱና የኋላው ጎማ መሬት በነኩበት ቦታ ጎማውም መሬቱም ይሰመርበታል። መኪናው በለጥ ባለ ሜዳ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ እያንዳንዱ ጎማ 10 ዙር ሲሞላ መሬቱ ላይ ምልክት ይደረግና የሁለቱ ርቀት በሜትር ይለካል። ከላይ ባለው ምሳሌ ልዩነቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለአሸዋና ለፒስታ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትራንስፈሩን ከመፍታት በፊት ጎማ ማቀያየር ይቅደም።

ከጎማ የባሰው ደግሞ ዲፈረንሻል ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አላነሳም። የዲፈረንሻሉ ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞን፣ ሲበሉ ከሌላ መኪና የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል መግጠም እኛ ዘንድ የዘወትር ሥራ ነው። ለሃይሉክስ 4.1 አለ፣ 4.3 አለ፣ ከዚያም በላይ አለ። ቤቱ ይገጥማል፣ ቡሎኑ ይገባል፣ መኪናው በኤች 2 ያለአንዳች ድምፅ ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ከፊት 4.1፣ ከኋላ 4.3 የሆነ መኪና ግን ኤች 4 በገባበት ሰዓት በየኪሎ ሜትሩ 88 የካርዳን ዙር ያህል ከራሱ ጋር ይታገላል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የጃፓን ኦሪጅናል ቢገባ ምን ይለወጣል?

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ካምቢዮው ፈት፣ ትራንስፈሩ ኤች 2፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ይነሳና ማቆሚያ ይገባለታል። ሌላኛው መሬት ላይ ይቆይ፤ አንዱ ጎማ ብቻ ሲዞር ካርዳኑ የሚዞረው በግማሽ ነውና። የተነሳው ጎማ በእጅ 20 ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ካርዳኑ ላይ በተሰመረው ጠመኔ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። 41 ከሆነ 4.1፣ 43 ከሆነ 4.3 ነው። የፊቱም በዚሁ መንገድ ይለካል፤ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ፣ የኋላ ጎማዎች ይደገፉ፣ የሁለቱም ጎን ፍሪ ሃብ መቆለፍ አለበት። ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ዲፈረንሻል ላይ ይህ አይሠራም፤ የሁለቱንም ጎን ጎማ አንስቶ አብሮ ማዞር ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የሚበቃው 10 ዙር ነው።

ኦሪጅናል ዕቃ

የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያለምክንያት አልተናገረም። የታወቁ የኩሽኔታ ስሞችን አስመስሎ የሚታተም ዕቃ አለ፤ ካርቶኑም ከእውነተኛው አይለይም። ጥሩ ዕቃ መግዛት ተገቢ ነው፤ ክርክሩ «ኦሪጅናል ከገባ አይመለስም» የሚለው ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ኩሽኔታ 20 ዓመት ከኖረ በኋላ ሦስት የተለያዩ ፋብሪካዎች ኩሽኔታ እዚያው ቦታ ላይ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተበላ፣ ሦስቱም አስመሳይ ነበሩ ከማለት በፊት በመኪናው ላይ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይቀላል።

የወጣውን ኩሽኔታ መጣል የለብንም፤ ታጥቦ በፀሐይ ብርሃን ይታይ። አስመሳይ ወይም ደካማ ብረት ከሆነ መላጡ ቶሎ ይጀምራል፤ በትክክል በሚሮጥበት መንገድ ላይም ዙሪያውን ይበላል። የኳሶቹ መንገድ በውጭ ቀለበቱ ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተንጋዶ ከታየ ግን ዘንጉ ከቤቱ ጋር ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው። በኳሶቹ መካከል ባለው ርቀት ልክ የተደረደሩ ጎድጓዳ ነጠብጣቦች የመዶሻ አሻራ ናቸው፤ ኩሽኔታው ሲገባ የተመታው በተሳሳተው ቀለበት ነው። ወደ ሰማያዊ የከበደ ቀለም ዘይት ያላገኘ ዕቃ ነው። የቀለበቱ ጀርባ እንደ መስተዋት ከተወለወለ ደግሞ ቀለበቱ በቤቱ ውስጥ ሲዞር ነበር፤ የአሉሚኒየሙ ቤት ሰፍቷል። ይህ ቤት ቶርኖ ቤት ገብቶ ቡሽ ካልተደረገለት የትኛውም አገር ዕቃ አይቆምለትም፤ በቤቱና በኩሽኔታው መሃል ቆርቆሮ መጠቅለልም መድኃኒት አይደለም።

አንድ ብዙም የማይታወቅ ነገር ልጨምር፤ በቀለበቱ ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ደረጃ ደረጃ ያሉ ጥርት ያሉ መስመሮች ከታዩ በኩሽኔታው ውስጥ ኤሌክትሪክ አልፏል። የጭነት ሳጥን ወይም ሻሲ ሲበየድ የብየዳው ማሰሪያ ሩቅ ቦታ ላይ ከታሰረ ጅረቱ መንገድ የሚያገኘው በአክስሉና በካርዳኑ በኩል ነው። የሞተሩ የመሬት ሽቦ መበጠስም ያው ነው።

ስለ ኦሪጅናል ከተነሳ አይቀር፣ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዓይነቱ የተሳሳተ ዕቃም ይገባል። 6306 ኩሽኔታ በየትም አገር 30 በ72 በ19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ፊደሎች ግን ይለያያሉ። በሁለቱም ጎን ላስቲክ ያለው ዓይነት ለትራንስፈር ውስጥ አይደለም፤ የራሱን ግራሶ ይዞ ስለሚመጣ የሳጥኑን ዘይት ይከለክላል፣ ግራሶውም ቀስ በቀስ ይታጠባል። ለስንገር ቀለበት (ኩሽኔታውን ከቦታው እንዳይወጣ ለሚይዘው ክፍት ቀለበት) የተቀረጸ ጎድጎድ የሚፈልግ ቦታ ላይ ጎድጎድ የሌለው ከገባ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ቀጥሎ ማርሹ መዝለል ይጀምራል።

የኋላው መውጫ ኩሽኔታና ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት) ብቻ እየተመለሰ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ትቶ ከሥር መግባት ነው። ከአወዳይ ጫት፣ ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት የሚጭን ፒክአፕ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ይደረግለታል። ቅጠል ሲጨመር አክስሉ ይወርዳል፣ የፒኞኑ አንግል ይለወጣል። በትራንስፈሩ መውጫና በፒኞኑ ፍላንጅ ላይ ስልክ አስደግፎ አንግሉን ማንበብ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ። ባለ ሁለት ክሮቼራ ካርዳን ላይ ሁለቱ አንግሎች ከአንድ ዲግሪ በላይ መራራቅ የለባቸውም። መካከለኛ ኩሽኔታ ባለው ባለ ሁለት ቁራጭ ካርዳን ላይ ደግሞ የዚያ ኩሽኔታ ጎማ መቀደዱ ይታይ። የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ ከረገበም አንግሉ ይወድቃል፤ ሞተሩ ሲጎትት ሳጥኑ ስለሚጠመዘዝ ማንሻውም በራሱ ከማርሽ ይወጣል።

ካርዳኑ ለግራሶ ተስቦ ሲመለስ በጥርሱ አንድ ቦታ ተሳስቶ መግባቱ ሌላው የታወቀ ጥፋት ነው። በሁለቱም ጫፍ ያሉት የክሮቼራ ጆሮዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ፋብሪካው ቀስት አትሞበታል፣ ጭቃው ሲጠረግ ይታያል። የዚህ ንዝረት ልዩ ምልክቱ ከሞተር ዙር ጋር ሳይሆን ከመኪናው ፍጥነት ጋር መሄዱ ነው፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ማርሽ ቢቀየር አይለወጥም።

ባለ 140 ዘይት

የዘይት ማነስ ትራንስፈር ይገድላል የሚለው ላይ ክርክር የለም፤ ምናልባትም ከሁሉ የበዛው ምክንያት እሱ ነው። መፍትሔው ግን ዘይት ማወፈር አይደለም። ለብዙዎቹ አሮጌ ፒክአፖች የታዘዘው 75 ደብሊው 90 ወይም ባለ 90 ዘይት ነው፤ ለድሬዳዋ ሙቀትም ይበቃል። ባለ 140 ዘይት በመርፌ ኩሽኔታዎች መሃል ለመግባት ይዘገያል፤ በተለይ ሐረር ላይ በጠዋት ሲነሳ። ያለቀን ጥርስ ጩኸት ያለዝባል፤ ብዙ ሰው የሚወድለትም ለዚህ ነው፤ ጩኸቱ ግን ማስጠንቀቂያው ነበር። ሰንሰለት ካላቸው ሳጥኖች ውስጥ አንዳንዶቹ የሚሠሩት በቀጭን የአውቶማቲክ ዘይት ነው፤ እነሱ ውስጥ ባለ 140 ማስገባት ትንሿን ፓምፕ ደረቅ ማስቀረት ነው።

«ከልኩ አስበልጡ» የሚለው ደግሞ ሲሉን ያስለቅሳል። ልኩ በለጥ ባለ ሜዳ፣ መኪናው ቀዝቅዞ፣ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው። ከዚያ በላይ የገባ ዘይት ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ ይሞቃል። ሙቀቱ አየሩን ሲያስፋፋ መውጫው ማስተንፈሻው ነው፤ የድሬ አቧራ ማስተንፈሻውን ከደፈነው ግፊቱ የሚወጣው በሲሉ ከንፈር በኩል ነው። ሲል ሦስት ጊዜ ተቀይሮ አሁንም የሚያንጠባጥብ መኪና ላይ የማስተንፈሻውን ጎማ ነቅሎ በአፍ መንፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በዝናብ ጊዜ ጎርፍ የሚያቋርጥ መኪና ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጋለው ሳጥን ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውሃውን በሲሉ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል።

ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ላይ ደግሞ ጽሑፉ የዘለለው ነገር አለ። ካምቢዮውና ትራንስፈሩ የሚለያዩት በአንድ ሲል ነው፤ እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ውጭ ግን አንድ ጠብታ አይታይም። የሁለቱንም ታፖ (የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን) ፈትቶ በየራሱ የተለካ ጠርሙስ ውስጥ ማፍሰስና ከመመሪያው ልክ ጋር ማስተያየት ነው። አንዱ በጎደለበት ልክ ሌላው ከሞላ ነገሩ ታወቀ። ያን ዘይት በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማጥለልም አይረሳ፤ ታፖው ማግኔት ላይ ያለ ጥቁር ሊጥ መሰል ነገር የተለመደ ነው፣ የሚቆነጠጥ ስባሪ ግን አይደለም። ብጫ ቅንጣት የመዳብ ሮንዴላ ወይም ቀለበት ነው፤ ነጭ የአሉሚኒየም ዱቄት ከሆነ ቤቱ ራሱ እየተበላ ነው።

ጩኸትና ሰንሰለት

እዚህ ላይ አጭር መልስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ከወጡት ባለ 4 ሲሊንደር ሃይሉክሶች መካከል ብዙዎቹ ትራንስፈራቸው በጥርስ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሰንሰለት የላቸውም። የሌለ ሰንሰለት አይቀየርም።

ሰንሰለት ባለውም ቢሆን ቦታውን የሚለይ ፈተና አለ። ትራንስፈሩን ኤች 2 ላይ አድርጎ ፍሪ ሃቡን ቆልፎ መንዳት፤ ጩኸቱ ከመጣ ምንጩ ያለ ሞተር ጉልበት ከሚዞሩት ውስጥ ነው፤ ከፊት ዲፈረንሻል፣ ከፊት ካርዳን ወይም ከፊት መውጫ ኩሽኔታ። ካልመጣ የፊቱን ካርዳን አውርዶ በኤች 4 ለአጭር ርቀት መንዳት። አሁንም የሚጮህ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ዝም ካለ ግን የሚያስጮኸው የፊቱ ጫና ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ጎማውና ወደ ሬሾው ቆጠራ መመለስ ነው። በኤል 4 (በቀርፋፋው ፎር ዊል) ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ጩኸቱ ዙሩን የሚቀንሱት ጥርሶች ነው።

ያገለገለ ሳጥን

ቤቱ ከተሰነጠቀ ወይም ሦስት አራት ጥርስ በአንዴ ከተበላ፣ ያገለገለ ሙሉ ሳጥን ከጥገና ሊረክስ ይችላል፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ነው። ጎማውና ሬሾው ካልተለኩ ግን አዲሱም ሳጥን የሚገባው የቀድሞው ወደ ሞተበት መኪና ነው።

ሲገዛ የሚታየው ብዙ አይደለም። የፊት መውጫው በመኪናው የፊት ዲፈረንሻል ጎን መሆኑ፣ የመግቢያው ዘንግ ጥርስ ቁጥር ከካምቢዮው ጋር መግጠሙ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው መውጫ መኖሩ። ፍላንጁ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ በእጅ የሚሰማ መላወስ ካለው ኩሽኔታው አልቋል፤ በዙር በኩል ያለ ትንሽ ልቅነት ግን የጥርስ ክፍተት ነው፣ አያስፈራም። ዘይቱ ተደፍቶ ወራት የቆመ ሳጥን ደግሞ ከላይ ያሉት ኩሽኔታዎቹ ደርቀው ሊዝጉ ይችላሉ፤ ከውጭ አይታይም። በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ የሚነክስ ከሆነ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስ የኩሽኔታውና የሲሉ ዋጋ ሒሳቡ ላይ ይታሰብ።